ጌሾ የማይገባበት ማኅበር

አረቄዬን የማስቀምጠው በጠበል ጠርሙስ ነበር። ይህን መጀመሪያ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ጠበል የምቀዳበት ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረኝ፤ ሆዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ መስቀል የሣልኩበት። ከአልጋዬ ራስጌ፣ ከዳዊቴ አጠገብ ይቀመጣል። አረቄም ጠበልም ለዓይን ውሃ ናቸው። ሰው ቢገባ ቢወጣ ያንን ጠርሙስ የሚነካ የለም።

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። መርሳ የመጣሁት በሥራ ምደባ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እናቴን "ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ እዛወራለሁ" ብዬ ሸንግዬ ወጣሁ፤ ይኸው አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ስልክም አይሠራም። መርዶው የደረሰኝ ተቀብራ፣ ሠልስቷ ወጥቶ፣ አርባዋ ሲቃረብ ነው። ጎረቤቶቼ አላሳፈሩኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ክርስቲያኑም እስላሙም እየመጣ አብሮኝ ተቀመጠ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት በመለኪያ አረቄ ቀድተው፣ "በይ እስቲ ልጄ፣ ሐዘን ሆድ ውስጥ ሲያድር ድንጋይ ይሆናል፤ ይኼ ያለዝበዋል" አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እውነትም አለዘበው። ድንጋዩ ግን በማግስቱ ተመልሶ ነበር። እኔም ወደ መለኪያው ተመለስኩ።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ። በሥራዬ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። አጠጣጤም እንደዚያው ነበር። ቅርንፉድ ከቦርሳዬ አይታጣም፤ ጤና አዳም ከጓሮ እየቀነጠስኩ አኝካለሁ። ጾም አልሽርም። አረቄ ጾም አያስገድፍምና ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ ውዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ የማነሣው ያንን ጠርሙስ ነበር። ፊቴ ገርጥቶ ጉንጬ ገብቶ ሲያዩኝ የቢሮ ሰዎች "እሷማ ጾም ታውቅበታለች" ይሉ ነበር። ጸሎት አድርጊልን የሚሉኝም ነበሩ። ከመጠጣቱ ይልቅ ያደከመኝ ይኼ መከበር ነው።

ያከራዩኝ ሴት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከጓሯቸው ማንጎና ብርቱካን እያስለቀሙ የሚሸጡ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ለእኔ ከአከራይም በላይ ነበሩ፤ በመርዶዬ ጊዜ ፀጉሬን ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ።

"ልጄ፣ ቁርጠቱ ሊገድለኝ ነው። ከዚያች ጠበልሽ ጠብ አድርጊልኝ" ብለው እጃቸውን ወደ ራስጌዬ ሰደዱ።

"አይሆንም!" ብዬ ከመካከል ገባሁ።

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"አልቋል።"

ጠርሙሱ እስከ ግማሹ ሞልቶ ሁለታችንም እናየዋለን። እትዬ ጠርሙሱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "ጠበልም ይከለከል ጀመር?" አሉ ቀስ ብለው። "ደግ።" ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ግቢ እየኖርን "እንዴት አደሩ"ና "እግዜር ይመስገን" ብቻ ቀረን። ለጎረቤትም ነግረው ኖሮ፣ ከቧንቧው ዘንድ ውሃ ስቀዳ "ያች ጠበል የነፈገችው" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። በስካር ሳልታወቅ በስስት ታወቅሁ። እውነቱን ብነግራቸው ከስስታም ወደ ሰካራም መዛወሬ ነው፤ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ጠርሙሱ በቶሎ ያልቅ ጀመር።

የነፍስ አባቴ ዘንድ የሄድኩት በዚያ ሳምንት ነው። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ሰምተዋል፤ ግን ጠርሙሱ ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

"ውስጡ የነበረውን ጠበል ምን አደረግሽው?"

"ጠጣሁት አባቴ። ጠጥቼ ስጨርስ ነው አረቄውን የገለበጥኩበት።"

"እሱስ ደግ።" ትንሽ አሰቡ። "እንግዲህ ልገዝትሽ። ሁለተኛ እንዳትቀምሺ።"

ግዝት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብጥሰው ኃጢአቴ ሁለት ሊሆን ነው፤ እንደምጥሰውም አውቃለሁ። ጉልበታቸውን ይዤ፣ "አባቴ፣ አይገዝቱኝ። ከዚህ ደጅ ሳልወጣ ግዝቱን እሰብረዋለሁ" አልኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በረጅሙ ተነፈሱ። "እንግዲያው የምትችዪ ቀን ራስሽ ራስሽን ገዝቺ። ለጊዜው ግን እኔ ብቻ አልበቃሽም። የወንድሜ ልጅ የሚሄድበት አለ፤ ወልድያ፣ እሑድ ከሰዓት። ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንድ መካኒክ ነው የሰበሰባቸው፤ ሁሉም እንዳንቺ የተቸገሩ ናቸው።"

"ጋራዥ?"

"ምን ላድርግሽ፣ ቤተ መንግሥት አልሰጧቸውም።"

ስነሣ ጠሩኝ። "ጠርሙሱን እንዳትጥዪው። እጠቢው። ጠርሙሱ ምን አደረገ?"

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ከሚኒባሱ መስኮት ዳር ተቀምጬ ወልድያ ገባሁ። ለእትዬ ሳይጠይቁኝ "ዘመድ ልጠይቅ ነው" አልኩ። ወልድያ ዘመድ የለኝም። ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ።

"ወዴት ነው እናቴ?"

"ጋራዥ።"

"እሑድ ጋራዥ ዝግ ነው። መኪናሽ ቆሞብሽ ነው?"

"አዎ" አልኩ። በሰንበት የዋሸሁት ሁለተኛው ውሸት።

"የታለ መኪናው?" አለ በመስታወቱ እያየኝ።

"አልመጣም።"

ባለባጃጁ ሳቀ። ያወረደኝ ቦታ ሁለት ግቢ ጎን ለጎን አለ። አንዱ በቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ሁለተኛው ወለል ብሎ ተከፍቶ ሃያ የሚሆን ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው ቆሞ ይናገራል። ደረስኩ አልኩ። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሁሉም ያዘኑ መሰሉኝ። ይኼ ሁሉ ሰው እንደ እኔ ይጠጣል! ይኼ ሁሉ አባወራ!

ቆሞ የሚናገረው ሰውዬ ስለ ድንኳን ምሰሶ ነው የሚያወራው። ሁለት ምሰሶ ጠፍቷል። ማን ወሰደው፣ ማን መለሰው። ቀጥሎ በቀብር ያልተገኙ ሰዎች ተነሡ። አንዱ ታምሜ ነው አለ፤ ሌላው "ሁልጊዜ ሰው ሲሞት ነው የምትታመመው" አለው። እድር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልነሣ ስል ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ ከአጠገቤ ደረሰ።

"አዲስ ነሽ እህቴ? ለመመዝገብ ነው?"

አይደለም ብል ለምን መጣሽ ሊለኝ ነው። "አዎ" አልኩ። የቤተሰብ ብዛት ጠየቀኝ፤ አንድ አልኩት። ተመዘገብኩ። መርሳ እየኖርኩ ሞቴን ወልድያ አስመዘገብኩ።

ከጎኔ የተቀመጠ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የገባ ጎልማሳ ሰውዬ ይህን ሁሉ ሲያይ ነበር። ጸሐፊው ሲያልፍ ወደ እኔ ዘንበል አለ። እጆቼን አየ፤ ነጠላዬ ሥር ልደብቃቸው ሞከርኩ፤ መንቀጥቀጣቸው ግን ነጠላውንም ያንቀጠቅጠዋል።

"እህቴ፣ ይኼኛው ለሞተ ሰው ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ያንቺ ከዚህ ስንወጣ እኔ ግቢ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እድሩ ካላለቀ አልከፍትም።"

መካኒኩ እሱ ነበር።

ከእድሩ ስንወጣ የቆርቆሮውን በር ከፈተ። በር ላይ ይጠብቁ የነበሩ አምስት ሰዎች አብረውን ገቡ፤ ሁሉም ወንዶች። ለእኔ ከአይሱዙ የወለቀ የጋቢና ወንበር ሰጡኝ፤ እነሱ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ስም አይጠራሩም። ወግ ያለው ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሳምንቱን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ከሐራ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ መጠጥ የጀመረው ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር፣ ለጨብሲ፣ እንደሆነ ተናገረ። "እኔ እስላም ነኝ፤ ይጠጣል ተብሎ የሚታሰበው የመጨረሻው ሰው እኔ ነበርኩ" አለ። "የኛ ሰፈር ሰው ከእኔ አረቄ ይሸታል ብሎ ስለማያስብ ቅርንፉድ እንኳ አላስፈለገኝም።" ሳቅሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ተራዬ ሲደርስ "አመመኝ" ብቻ አልኩ። መካኒኩ "ይበቃል" አለኝ።

በመጨረሻ ከቢጫ ጀሪካን ውሃ ተቀድቶ በአንድ ጣሳ ዞረ። ሁላችንም ከዚያው ጣሳ ጠጣን። "ማኅበር ያለ ጽዋ አይሆንም" አለ መካኒኩ፤ "የኛ ጽዋ ይኼ ነው።" ስብሰባውን ማኅበር ነው የሚሉት። ሌላ ስም አልተገኘለትም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደቅሁ። ይህንንም ልደብቀው አልፈልግም። ማክሰኞ ቀን፣ ከቢሮ ስመለስ፣ ምንም ምክንያት ሳይኖር ገዝቼ ጠጣሁ። እሑድ ሄጄ ነገርኳቸው። የገሰጸኝም ያባበለኝም የለም፤ ሾፌሩ ጎማውን ወደ እኔ አስጠግቶ ተቀመጠ፣ በቃ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ያለውን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ጠርሙሱን በአመድና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቤ ጠበል ቀዳሁበት።

ሃያ ስድስተኛው ቀን እሑድ ዋለ። ዝናብ ጥሎ ጋራዡ ጭቃ ሆኖ ነበርና መካኒኩ "ዛሬ እናቴ ቤት እንሂድ" አለ። እናቱ ከወልድያ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው የሚኖሩት። "ማኅበርተኞቼ ሊመጡ ይችላሉ ብዬ ካስታወቅኋት ሰነበተ፤ ደስ ይላታል።" ባዶ እጄን እንዳልሄድ የመርሳ ብርቱካን ይዤ ነበር። በጭቃው እየተንሸራተትን ወጣን።

ደጁ ላይ ስንደርስ ሽታው ተቀበለን። ሁላችንም አንድ ላይ ቆምን።

ጠላ ነው። ምን ዓይነት ጠላ እንደሆነ ሳላየው አወቅሁት፤ ጌሾው ያልበዛበት፣ በደንብ የታጠነ ጋን፣ ሁለት ሳምንት የለፉበት። መካኒኩ ግንባሩን ያዘ። ለእናቱ የነገራቸው ማኅበር ብሎ ነው፤ ማኅበር ይመጣል የተባለች የሰባ አምስት ዓመት ባልቴት ደግሞ ሌላ ምን ታደርጋለች? ጠመቁ። ማንም አላሰበውም። እኔም ሴቲቱ፣ በማኅበር ያደግሁት፣ አላሰብኩትም።

"ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ ምን ያስቆማችኋል!" እማማ ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ናቸው። ጉዝጓዝ ተጎዝጉዟል፤ ድፎ ዳቦ በመሶቡ ላይ ተሸፍኗል። "ያች ከጎጃም የመጣችው አንቺ ነሽ? ኧረ ምን ልሁንልሽ! አገር አቋርጠሽ! በአንቺ ነው የሚጀመረው።"

ከመዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ዋንጫውን ሞልተው ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ። እጄ ነው የተቀበለው። ቀዝቃዛ ነው፤ ከላዩ ስስ አረፋ አለው። ልጃቸውን አየሁት፤ ጉዝጓዙን ያያል። ሾፌሩ በሩን ያያል። እኔ ከጠጣሁ ሁሉም ይጠጣሉ፤ እማማን ማን ያሳፍራል?

"ይቅርብኝ እማማ።"

"ምኑ ይቀራል? የማኅበር ጠላ እኮ ነው! ብዙም አይመታ። በሞቴ!"

በሞቴ ተባለ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እናቴ ብትኖር ቆንጥጣ ታስጠጣኝ ነበር።

"ተገዝቻለሁ" አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"ማነው የገዘተሽ? የማኅበር ጠላ የሚገዝት ቄስ የትኛው ነው?"

ቄስ ነው ብል ውሸት ነው፤ ሰንበት ነው፤ ውሸቱም ሰለቸኝ። የዘመድ ጥየቃው፣ የመኪናው፣ የእድሩ፣ ሁሉም ሰለቸኝ።

"እኔው ነኝ እማማ። እኔ ሰካራም ነኝ። ይችን ከቀመስኩ ያንን ጋን ሳልጨርስ አልነሣም።"

ነጠላዬን አዩት፤ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አዩት። "አንቺ? ከዚህ መስቀል ጋር?"

"ከዚህ መስቀል ጋር።"

ዋንጫውን ሊወስዱ ሲሉ በእሳቸውና በእኔ እጅ መካከል ዘመመና ግማሹ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። እማማ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "እናንተስ?"

ሾፌሩ ቀደመ። "እኔማ እማማ፣ ወላሂ፣ ሰላቱንም ስካሩንም ባንድ ላይ ልያዝ ብዬ ሁለቱም አመለጡኝ።"

ከዚያ ልጃቸው ቀና ሳይል፣ "እማዬ፣ እኔም ነኝ። ጉበት አይደለም" አለ።

ለካ ጠላ የተወበትን ምክንያት ሐኪም ጉበትህ ታሟል ብሎኝ ነው ብሏቸው ኖሯል። እማማ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"ጉበት አይደለም?" አሉ። "ሦስት ዓመት! ያን ዳገት እየወጣሁ ጠበል ስቀዳልህ! ጉበቱን ማርልኝ ነው ያልኩት፤ ለጻድቁ ጉበት ብዬ ነው የነገርኳቸው! አሁን ምን ይሉኛል?"

"ግድ የለም እማማ" አለ ሾፌሩ፤ "እላይ አድራሻ አይሳሳትም። ይኸው ካቆመ ስንት ጊዜው።"

"ዝም በል አንተ!" አሉ እማማ፤ ሲሉም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁ መልሶ ልቅሶ ሆነ። ልጃቸው ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ራሱን አልዳሰሱትም፤ ግን አላባረሩትም። ዓይናቸውን ጠርገው "ይኼን ሁሉ ጋን እንግዲህ ለማን ልበለው?" ብለው ተነሡና አፉን ከደኑት።

ዳቦውን ቆረሱልን። ብርቱካኑን በላን። ውሃ አመጡልን፤ መካኒኩ ጣሳውን ከቦርሳው አውጥቶ አዞረ። ልንሄድ ስንል እማማ ጣሳውን ተቀብለው አጠቡት።

"ተረኛው ማነው?"

"ተረኛ የለንም እማዬ" አለ ልጃቸው።

"ማኅበር ከሆነ ተረኛ አለው።" ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጡት። "አንቺ ጀምረሻል፤ አንቺ ትቀበያለሽ።"

የእሳቸውን ዋንጫ መልሼ ይኼኛውን እንዴት እመልሳለሁ? ተቀበልኩ። መርሳ፣ እትዬ ግቢ፣ በሚመጣው እሑድ።

ስወጣ ደስታ አልተሰማኝም። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አሸተተና መስኮቱን ከፈተ፤ "እናት፣ ሰርግ ነበር እንዴ?" አለኝ። ለዓመታት ጠጥቼ ሳልሸት ኖሬ፣ ሳልጠጣ የሸተትኩት ያን ቀን ነው። እስከ መርሳ ድረስ ከገዛ ነጠላዬ ጋር ታገልኩ። እርጥቡን ጫፍ አንድ ጊዜ ወደ አፌ አስጠግቼው ነበር። መልሼ ከጉልበቴ ሥር አፈንኩት።

እትዬ ከበሩ አጠገብ ማንጎ እየመረጡ ነበር።

"እትዬ፣ የሚመጣው እሑድ የማኅበር ተረኛ ነኝ። አግዳሚ ያውሱኛል?"

ቀና አሉ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ በራ። "ማኅበር? እንዴት ሳትነግሪኝ! ሳምንት ብቻ ቀርቶሽ? ጠላው መቼ ሊደርስ ነው! ጌሾ አለኝ፤ ብቅሉንም ከጎረቤት እንለቅማለን፤ ጋን አታስቢ።" ማንጎውን ጥለው ተነሡ። "በእግዜር ነገርማ ቂም የለም። ያን የጠበሉን ነገር ትቸዋለሁ።"

ይቅርታውን በነጻ ወስጄ ዝም ማለት እችል ነበር። ገባሁና ጠርሙሱን ከራስጌዬ አምጥቼ በማንጎው መካከል አስቀመጥኩት።

"ይቀመጡ እትዬ። ጌሾ አያስፈልገንም። ያን ቀን የከለከልኩዎም ጠበል አልነበረም።"

ቆመው ጀመሩ፣ ተቀምጠው ጨረሱ፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አንሥተው ክዳኑን ፈቱና፣ ከመጠጣታቸው በፊት፣ አሸተቱት። አልተቀየምኩም። እኔም በየጠዋቱ አሸተዋለሁ።